የጥንት የድንጋይ መቃብርን ሳይነኩ መለካትና መመዝገብ

ከጎንደር ወደ ዳባትና ደባርቅ በሚወስደው ደጋ የድንጋይ ክምር ብርቅ አይደለም፤ ብዙው ግን ገበሬ ከማሳው ለቅሞ የጣለው ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ጠርዙን ይዩ። የማሳ ክምር ቅርጽ አይዝም፤ አፈርና ጠጠር ተቀላቅሎበት የእርሻ ድንበር ላይ ይገኛል። በመቃብር ዙሪያ ግን ትልልቅ ድንጋዮች ክብ ሠርተው ተደርድረው ሊታዩ ይችላሉ። ድንጋይ ላይ የሚበቅለው የድንጋይ ሽበት ብቻውን የዕድሜ ማስረጃ አይሆንም።

30 ሜትር ሜትሮ፣ ሲባጎ፣ ውሃ ልክና በየ20 ሳንቲ ሜትሩ ቀለም የተቀባ ዘንግ ይያዙ። ከኅዳር እስከ ጥር፣ ሣሩ ሲደርቅ ይሂዱ፤ ጠዋት ወይም አመሻሽ ላይ ጥላው ዝቅተኛውን ጉብታ ያወጣዋል።

ስፋቱን ከሰሜን ደቡብ፣ ከዚያም ከምሥራቅ ምዕራብ ይለኩ። ብዙ ስህተት የሚፈጠረው ከፍታው ላይ ነው። ተዳፋት ላይ ያለ ጉብታ ከታች ሲያዩት የገዘፈ፣ ከላይ ሲያዩት ያነሰ ይመስላል። ከአናቱ ትይዩ ሲባጎውን በውሃ ልክ አግድም ወጥረው በሁለቱም በኩል እስከ መሬት ይለኩ፤ ሁለቱንም ቁጥር ይጻፉ፣ አማካዩን ብቻ አይደለም። ኮምፓሱን ባዛልት (ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ) ላይ አያስቀምጡ፤ የድንጋዩ ማግኔትነት መርፌውን ያሳስተዋል።

መሃሉ ተቆፍሮ ካገኙት የጉድጓዱን ስፋት ይመዝግቡ እንጂ አይግቡበት፣ ድንጋይም አይመልሱ። ከሥር ያለው አጥንት፣ ሸክላና ከሰል ዘመኑን የሚናገረው ከቦታው ካልተናወጠ ነው። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ያለ ፈቃድ መቆፈር ክልክል ነው። ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ያሳውቁ፤ ትክክለኛ መገኛውን ግን ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ አይለጥፉ።