በግራር እንጨት ውስጥ ያለውን ክሪስታል እንዴት እናያለን?

ተማሪዎቼ ክሪስታል ሲባል ጨውና ስኳር ብቻ ይመስላቸዋል። እኔ ግን እዚሁ ጅማ ለቡና ጥላ ከሚሆነው ግራር አንድ ቅርንጫፍ ይዤ ክፍል እገባለሁ። እንጨቱ ውስጥ የካልሲየም ኦክሳሌት ክሪስታሎች እንደ መቁጠሪያ ተደርድረዋል፤ እያንዳንዱ በራሱ ጠባብ ክፍል ነው። አብዛኛው የኩላሊት ጠጠርም ከዚሁ ውህድ የተሠራ ነው።

እንጨቱን አንድ ቀን ውኃ ውስጥ ዘፍዝፉት። በአዲስ ምላጭ በቁመቱ ላጩት፤ ከሥሩ ያለ ጽሑፍ እስኪታይ ይሳሳ። በረኪና ውስጥ ግማሽ ሰዓት ሲቆይ ይነጣል። ከዚያ አራት ጊዜ በውኃ እጠቡት። አንድ ቀን ቸኩዬ ሳላጥበው አሲድ ጠብ አደረግሁበትና የክሎሪን ጋዝ ጉሮሮዬን አቃጠለው፤ ተማሪዎቹን በሙሉ አስወጣሁ። ማጠቡን አደራ!

ከተበላሸ ካልኩሌተር መስኮት ላይ ግራጫውን ስስ ፕላስቲክ፣ ማለትም በአንድ አቅጣጫ የሚርገበገበውን ብርሃን ብቻ የሚያሳልፈውን፣ ልጣችሁ ለሁለት ቁረጡት። የታጠበውን የእንጨት ልጣጭ በስላይድ (በመስታወት ሳህን) ላይ አድርጋችሁ ማይክሮስኮፕ ውስጥ አስገቡት፤ አንዱ ፕላስቲክ ከስላይዱ ሥር፣ ሌላው ከማይክሮስኮፑ የዓይን ሌንስ ላይ ይሁን። የላይኛውን ቀስ አድርጋችሁ አዙሩና እይታው ሲጨልም ተዉት። በ400 እጥፍ ስታዩ ክሪስታሎቹ በጨለማው ውስጥ ቦግ ይላሉ። የሕዋሱ ግድግዳም ፈዘዝ ብሎ ያበራል፤ ሴሉሎስም የክሪስታል አደራደር አለውና። ስላይዱን አንድ ሙሉ ዙር ስታዞሩት አንዱ ክሪስታል አራት ጊዜ ጠፍቶ ይበራል። አደራደሩ ሞኖክሊኒክ ስለሆነ፣ ማለትም በሁሉም አቅጣጫ አንድ ዓይነት ስላልሆነ፣ ብርሃኑን ለሁለት ይከፍለዋል። የገበታ ጨው ግን ኪዩብ ስለሆነ እንደጨለመ ይቀራል።

አሁን አቼቶ ጠብ አድርጉበት፤ ክሪስታሎቹ ምንም አይሆኑም። በውኃ የቀጠነ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ግን አረፋ ሳያስወጣ ያሟሟቸዋል። ካልሲየም ካርቦኔት ቢሆኑ በአቼቶውም አረፋ ይደፍቁ ነበር።

የምወደው ክፍል ከዚህ በኋላ ነው። ያንኑ እንጨት አቃጥሉትና አመዱን በውኃ ደጋግማችሁ እጠቡ፤ በውኃ የሚሟሟው የፖታሽየም ካርቦኔት በአቼቶ አረፋ ስለሚያወጣ ያሳስታችኋል። እሳቱን አታራግቡት፤ በጣም ከጋለ ክሪስታሉ ወደ ኖራ ይለወጣል። ዝቃጩን በማይክሮስኮፕ ስታዩት ክሪስታሎቹ የቀድሞ ቅርጻቸውን እንደያዙ ናቸው። አቼቶው ሲነካቸው ግን ከእያንዳንዳቸው ጥቃቅን አረፋ ይወጣል፤ በ500 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ካርቦን ሞኖክሳይድ ለቅቀው ካልሲየም ካርቦኔት ሆነዋል።