የፊት ሾክ ዘይት ሲያፈስ፦ ኦይል ሲል ከመግዛታችሁ በፊት ቱቦውን እዩት

ከአራት ኪሎ ፒያሳ ደርሶ በቸርችል ጎዳና ቁልቁል በሞተር ሳይክል የሚወርድ ሰው፣ ፍሬን ሲይዝ አብዛኛውን ክብደት የሚሸከምለት የፊት ጎማው ነው። ስለዚህ የቆየ ሞተር ሳይክል የፊት ሾኩ ዘይት ማፍሰስ ሲጀምር «ትንሽ ናት፣ ትቆይ» አይባልም። ዘይቱ ወርዶ ዲስኩን ወይም የፍሬን ሸራውን ካገኘ ቁልቁለቱ ላይ ፍሬኑ አይይዝም። ዘይት የጠጣ ሸራ ደግሞ ታጥቦ አይድንም፤ ይቀየር።

ምልክት፦ ክሮሙ ላይ (የሚያብረቀርቀው የሾኩ ቱቦ ላይ) ስስ የዘይት ቀለበት አለ፣ የሚወርድ ግን የለም

ኦይል ሲሉ፣ ማለትም ዘይቱን በቱቦው ዙሪያ አፍኖ የሚይዘው የጎማ ቀለበት፣ ገና ደህና ሊሆን ይችላል። የክረምት ጭቃ ቱቦው ላይ ይደርቃል፣ በበጋ ደግሞ የግንባታ አቧራ አለ፤ ሾኩ ሲወርድ ደቃቁ አሸዋ ከሲሉ ከንፈር ስር ይቀረቀራል። የአቧራ መከላከያውን ጎማ በቀስታ አንስታችሁ ጥረጉ። ከዚያ ከአሮጌ የራጅ ፊልም ቀጭን ቁራጭ ቆርጣችሁ፣ ጫፉን ሜንጦ አስመስላችሁ፣ በቱቦውና በሲሉ መሃል አስገብታችሁ ዙሪያውን ሳቡት። ካቻቪቴ ወይም ምላጭ እዚያ ቦታ አይግባ፤ ከንፈሩን ከቧጨረው ያልነበረ ችግር ታመጣላችሁ። ሾኩን ደጋግማችሁ ጫኑት። ቀለበቱ ካልተመለሰ ሌላ ሥራ የለም።

ከቆላ የመጣ ሞተር ሳይክል ከሆነ አንድ ነገር ጨምራችሁ አስቡ። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ አዲስ አበባ ደግሞ 2,400 አካባቢ። እዚያ የተዘጋ ሾክ እዚህ ሲደርስ የውጩ አየር ስለሚሳሳ የውስጡ አየር ሲሉን ይገፋል፤ የደከመ ሲል ያን ጊዜ ያልባል። የፊት ጎማውን ከመሬት አንስቶ የላዩን ክዳን ከፍቶ መዝጋት ይበቃል። ክዳኑን ሞላ ስለሚገፋው ግን በእጃችሁ አፍናችሁ ፍቱት።

ምልክት፦ ዘይቱ ከስር ከጎማው ዘንግ አጠገብ ይንጠባጠባል፣ ክሮሙ ግን ደረቅ ነው

ይህ የኦይል ሲል ጉዳይ አይደለም። የታችኛው ቡሎን የመዳብ ሮንዴላ አልቋል፤ ቀይሩት።

ምልክት፦ ዘይቱ ይወርዳል፣ ፍሬን ሲያዝ ፊቱ ይዘቀዘቃል፣ አዲስ ሲል ቢገባም ቶሎ ይመለሳል

ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያባክነው እዚህ ላይ ነው። ሲል ይገዛል፣ ያፈሳል፤ ሌላ ይገዛል፣ ያፈሳል፤ ከዚያ «ዕቃው ፎርጅድ ነው» ይላል። ጥፋቱ ግን ብዙውን ጊዜ የቱቦው ነው። ክሮሙን ጠርጋችሁ ጥፍራችሁን ከላይ እስከ ታች አንሸራቱበት። ጥፍር የሚይዝ የዝገት ጉድጓድ ሲሉ በሚመላለስበት ቦታ ላይ ካለ አዲሱንም ይቆርጠዋል። ሲሉ የማይደርስበት ከላይ ያለ ዝገት አያስጨንቅም። ጥቃቅን እብጠት በ1,000 ከዚያም በ2,000 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት፣ በዘይት እያራሱ፣ በቱቦው ዙሪያ ይለሰልሳል። ጥልቅ ጉድጓድ ከሆነ ግን ቱቦው ይቀየር፤ መርካቶ ሶማሌ ተራ ያገለገለ ስትፈልጉ በዚሁ በጥፍራችሁ ፈትሹ፣ መስታወት ላይም አንከባሉት። የጎበጠ ቱቦ እየዘለለ ይንከባለላል፣ ሲሉንም በአንድ ወገን ይበላዋል። ቱቦው ቀጥ ብሎ ሳለ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ የውስጡ ቡሽ (ቱቦው የሚንሸራተትበት ቀለበት) አልቋል።

አቀያየሩ

የላዩን ክዳንና የታችኛውን ቡሎን ሾኩ ከሞተር ሳይክሉ ሳይወርድ አላሉ፤ ከወረደ በኋላ የታችኛው ቡሎን ከውስጡ ዘንግ ጋር አብሮ ይዞራል። ዘይቱን ቅዱ፣ የሽቦ ቀለበቱን አውጡ፣ ሲሉን ስትፈነቅሉ የአሉሚኒየሙን ጠርዝ በእንጨት ጠብቁ። አሮጌው ሲል ላይ ሦስት ቁጥር አለ፤ ለምሳሌ 33-45-8 ቢል የውስጥ ስፋት፣ የውጭ ስፋትና ውፍረት በሚሊሜትር ነው። ሱቅ ስትሄዱ ያንን ይዛችሁ ሂዱ፣ ሁለት ግዙ፣ ሁለቱንም ወገን ቀይሩ።

አዲሱን በሾክ ዘይት ቀቡት፤ የቱቦውን ጫፍ በስስ ፌስታል ሸፍናችሁ አሳልፉት። ትንሿ ሞላ ያለችበት ፊት ወደ ታች፣ ወደ ዘይቱ ይሁን። ልኩን በያዘ የፕላስቲክ ቧንቧ ቁራጭ እኩል እየመታችሁ አስገቡት፤ አንድ ወገን ብቻ መምታት ያጣምመዋል።

ለብዙ አሮጌ ሾኮች የሚስማማው 10 ቁጥር የሾክ ዘይት ነው፤ ከታጣ የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ይሠራል። መጠኑን ከመመሪያው ውሰዱና ሁለቱንም ወገን በሲሪንጅ እኩል ለኩ፤ ትርፍ ዘይት አየሩን ጨምቆ ሲሉን ይገፋል። ጎማውን መልሳችሁ የዘንጉን ዳዶ ከማጥበቃችሁ በፊት የፊት ፍሬን ይዛችሁ ሾኩን ደጋግማችሁ ጫኑት፤ ሁለቱ እግሮች ልካቸውን ያገኛሉ፣ ከዚያ አጥብቁ።