ስለ ጋና ሕዝቦች ስናወራ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጋና ሲባል አብዛኞቻችን ንክሩማን፣ ኳሷንና ያን ባለደማቅ ቀለም የኬንቴ ጨርቅ እናውቃለን። ወሬው ወደ ሕዝቡ ሲመጣ ግን መሳሳት ይጀመራል። (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ጋናዊ ሁሉ አሻንቲ ነው ማለት

አሻንቲ ከአካን ሕዝቦች አንዱ ነው፤ ፋንቴም አኪምም አካን ናቸው። ሁሉም ተደምረው የአገሪቱን ሕዝብ ግማሽ አይሞሉም። አክራ የጋ ሕዝብ ከተማ ናት። በምሥራቅ ኤዌ አለ፤ ወገኑ ድንበሩን ተሻግሮ ቶጎ ውስጥም ይኖራል። ሰሜኑ የዳጎምባና የሌሎች ብዙ ሕዝቦች አገር ነው። አዲስ አበባ አፍሪካ ኅብረት ግቢ ሐውልቱ የቆመለት ንክሩማ ራሱ የንዜማ ልጅ ነው። እንዲያውም በ1954 በአሻንቲዎች ዋና ከተማ ኩማሲ ላይ የተመሠረተው ንቅናቄ ፌዴሬሽን ካልሆነ ሞተን እንገኛለን ብሎ ቁም ስቅሉን አሳይቶታል።

ዘር በእናት ከተቆጠረ ሴቶች ይገዛሉ ብሎ መደምደም

ይሄኛው ሰፋ ያለ ነገር አለው። በአካን ባህል ልጅ የእናቱ ጎሳ ነው፤ አባቱ የሌላ ጎሳ ሰው ነው። ስለዚህ ሰው ሲሞት በልማዱ የሚወርሰው የእናቱ ልጅ ወይም የእህቱ ልጅ ነበር። ባልና ሚስት ዕድሜ ልካቸውን ካካዎ ሲያለሙ ኖሩ እንበል። ባል ሞተ። የሐዘኑ ጣጣ ሳያልቅ የእህቱ ልጅ መጥቶ ቤቱን ይረከባል፤ ሚስትና ልጆች ጓዛቸውን ጠቅልለው ይወጣሉ።

ይህን ለመግታት በ1985 ሕግ ወጣ። ኑዛዜ ሳይተው የሞተ ሰው ቤቱና የቤት ዕቃው ለትዳር ጓደኛውና ለልጆቹ ሆነ። ቀሪው ንብረት ለ16 ይከፈላል፦ 9ኙ ለልጆች፣ 3ቱ ለትዳር ጓደኛ፣ 2ቱ ለወላጆች፣ 2ቱ በባህሉ ለሚወርሱት። የጎሳው የጋራ መሬት ግን አይነካም።

ሥልጣኑስ? ዙፋኑ ላይ የሚወጣው አብዛኛውን ጊዜ ወንድ ነው። እጩውን የምታቀርበው ግን ንግሥት እናት ናት። እሷን የንጉሡ ሚስት አድርጎ መጻፍ ደግሞ ሌላ ጥፋት ነው። በ1999 የነገሡት የአሻንቲው ኦሴይ ቱቱ 2ኛ ንግሥት እናታቸው ወላጅ እናታቸው ነበሩ። እናታቸው በ2016 ሲያርፉ የንጉሡ እህት ተተኩ። ሚስትማ የሌላ ጎሳ ሰው ናት፤ ምን አግብቷት!

ደግሞ ኤዌዎችና ዳጎምባዎች የሚቆጥሩት በአባት ነው። "ጋናዎች በእናት ይቆጥራሉ" ብሎ መጻፍ አያዋጣም።

የአሻንቲዎችን የወርቅ በርጩማ መቀመጫ ማድረግ

ንጉሡም አይቀመጥበትም። የአሻንቲ ሕዝብ ነፍስ ያለው እዚያ ነው ተብሎ ይታመናል። በ1900 የእንግሊዙ ገዥ ሆጅሰን ኩማሲ ገብቶ በርጩማውን አምጡ፣ እኔ ልቀመጥበት አለ። የኤጂሱ ንግሥት እናት ያ አሳንቴዋ ጦር አስነሳች። እንግሊዞች አሸንፈው እሷን ወደ ሲሸልስ አጋዟት። በርጩማው ግን እጃቸው አልገባም።

ሁሉም ንጉሥ አለው ብሎ ማሰብ

የዳጎምባ አለቆች በእንስሳ ቆዳ ላይ ነው የሚሾሙት፤ ትልቁ ንጉሣቸው መቀመጫው የንዲ የምትባል ከተማ ናት። ሌሎቹ የሰሜን ሕዝቦች ኮንኮምባና ታለንሲ ግን በጥንቱ ሥርዓታቸው ንጉሥ የላቸውም። ጉዳያቸውን የየቤተሰቡ ሽማግሌዎች ይዳኛሉ፤ መሬቱን የሚጠብቅ የራሱ ካህን አለው። እንግሊዞች "አለቃችሁ ማነው?" ሲሉ መልስ ስላላገኙ ብዙዎቹን በጎረቤት ነገሥታት ሥር አደረጓቸው።

ጣጣው በ1994 ፈነዳ። ገበያ ላይ በአንዲት ጅግራ ዋጋ የተነሣ ጠብ በሰሜኑ ብዙ ሰው ወደፈጀ የኮንኮምባዎችና የጎረቤቶቻቸው ጦርነት ተቀየረ። እስከ ዛሬ "የጅግራ ጦርነት" እየተባለ በቀልድ ይወራል። ኮንኮምባዎች ግን ከዚያ ቀደም ብለው የራሳችን የበላይ አለቃ ይታወቅልን ብለው አመልክተው ነበር፤ ዳጎምባዎች ደግሞ መሬቱ የእኛ ነው ብለው አልተቀበሏቸውም።