ለክሮኖ ሳይክል ኤሮ መሪ እንዴት ይመረጣል? መጀመሪያ ክርናችሁን ለኩ

ኤሮ መሪ፣ ማለትም በክሮኖ (እያንዳንዱ ለብቻው ከሰዓት ጋር በሚወዳደርበት ውድድር) ላይ ክርን አሳርፎ ዝቅ ብሎ የሚነዳበትን መሪ፣ ልገዛ ነው ብሎ የሚያማክረኝ ሰው ሁሉ መጀመሪያ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ነው የሚያሳየኝ፣ ጥቁር ካርቦን፣ እንደ አውሮፕላን ክንፍ የሳሳ፣ ገመድ ሚባል ነገር የማይታይበት፣ "ይሄስ እንዴት ነው?" ይለኛል። እኔ ደሞ መልሼ የምጠይቀው ሁሌ አንድ ነገር ነው፣ ክርንህ የት ላይ ነው የሚያርፈው? እስካሁን ወዲያው የመለሰልኝ የለም። እውነቱን ለመናገር እኔም ስጀምር አላውቀውም ነበር፣ የመጀመሪያ መሪዬን በፎቶ ወድጄው ውጪ ያለ ዘመዴን አስቸግሬ ነው ያስመጣሁት፣ ሲገጠም ግን የክርን ማረፊያው ለኔ 4 ሴንቲ ወደፊት ርቆ፣ ቁመቱ ደሞ ከፍ ዝቅ የማይል ሆኖ አገኘሁት፣ ወራት ሙሉ አንገቴን እያሻሸሁ ነዳሁበትና በግማሽ ዋጋ ሸጥኩት። ስለዚህ እዚህ የምነግራችሁ ቅደም ተከተል እኔ ከሄድኩበት ተቃራኒው ነው፣ ሰውነት መጀመሪያ፣ መሪው መጨረሻ።

ለምን ይሄን ያህል ይለፋል ለምትሉ፣ ሜዳ ላይ በ40 ኪሎ ሜትር በሰዓት ስትነዱ ጉልበታችሁን ከሚበላው ውስጥ አብዛኛው አየር ነው፣ አየሩን ከሚገፋው ውስጥ ደሞ አብዛኛው ሳይክሉ ሳይሆን እናንተ ናችሁ። ለምሳሌ በተራ መሪ ላይ ቀና ብሎ የሚነዳ ሰው የአየር መጎተቱ ቁጥር ሲዲኤ የሚሉት 0.32 አካባቢ ነው እንበል፣ በደንብ ኤሮ ላይ ሲተኛ 0.25 ቢወርድ በባህር ጠለል ላይ አየሩን ብቻ ለመግፋት ከ263 ዋት ወደ 206 ዋት ይወርዳል። 57 ዋት ማለት ወራት ልምምድ ነው እኮ። አዲስ አበባ ላይ አየሩ ከባህር ጠለል በሩብ ያህል ስለሚሳሳ ትርፉ ወደ 43 ዋት ይወርዳል ግን አሁንም ብዙ ነው። ግሬግ ለሞንድ በ1989 የቱር ደ ፍራንስ የመጨረሻ ቀን፣ ከቬርሳይ ፓሪስ 24.5 ኪሎ ሜትር ክሮኖ ላይ፣ በሎረን ፊኞን በ50 ሰከንድ እየተመራ ገብቶ ቱሩን በ8 ሰከንድ የወሰደው ኤሮ መሪ ገጥሞ ነው፣ ፊኞን አልገጠመም ነበር። ከዛን ቀን በኋላ ኤሮ መሪ ይጠቅማል አይጠቅምም የሚለው ክርክር አበቃ።

1. የት ልትነዱበት እንደሆነ ወስኑ

ሁለት አይነት ነገር አለ። አንዱ ክሊፕ ኦን ነው፣ አሁን ያላችሁ የኮርስ ሳይክል መሪ ላይ በቡሎን የሚታሰር ሁለት ዘንግ ከክርን ማረፊያ ጋር። ሌላው ሙሉ የክሮኖ መሪ ነው፣ ቤዝ ባር የሚባለው የበሬ ቀንድ የሚመስለው ጠፍጣፋ መሪ፣ ላዩ ላይ ኤክስቴንሽን (ወደፊት የሚዘረጋው ዘንግ) እና ፓድ (የክርን ማረፊያ) ያለው። በአመት ሁለት ሶስት ክሮኖ ብቻ የምትወዳደሩ ከሆነ ወይ ደሞ ትራያትሎን ልትሞክሩ ከሆነ ክሊፕ ኦን ይበቃችኋል፣ ማንም ይሄ አማተር ነው አይላችሁም፣ ቢላችሁም ሰዓቱን አሳዩት። ሙሉ መሪ የሚያስፈልገው የክሮኖ ፍሬም ላለው ሰው ነው።

እና አንድ ነገር፣ በግሩፕ በሚነዳበት የጎዳና ውድድር ላይ ኤክስቴንሽን አይፈቀድም፣ ስለዚህ ክሊፕ ኦን ከሆነ ቶሎ የሚፈታ ምረጡ።

2. ክርናችሁን ፈልጉ

እዚህ ጋ ጊዜ ውሰዱ፣ ዋናው ስራ ይሄ ነው። ሳይክሉን ትሬነር (ሳይክሉ ቆሞ የሚነዳበት ማቆሚያ) ላይ አስቀምጡት፣ ትሬነር ከሌለ አንድ ሰው ኮርቻውን ይያዝላችሁና ግድግዳ ተደገፉ። ውሃ ልክ አምጡና ሁለቱ ጎማ እኩል መሆኑን አረጋግጡ፣ ትሬነር የኋላውን ከፍ ስለሚያደርገው ከፊት ጎማ ስር መጽሐፍ ነገር አድርጉ። ከዛ የኮርቻውን ከፍታ ካስተካከላችሁ በኋላ ወደ ኮርቻው አፍንጫ ትንሽ ጠጋ ብላችሁ ተቀመጡ፣ አሁን ያለው መሪ ላይ ፎጣ አጣጥፋችሁ ክርናችሁን አሳርፉና ዝቅ በሉ። ይሄን ቤት ውስጥ ብቻ ነው የምታደርጉት፣ መንገድ ላይ ያለ ፓድ ክርን መሪ ላይ አስተኝቶ መንዳት መሞት ነው።

ሰው ከጎን በስልክ ቪዲዮ ያንሳችሁ። የምታዩት ይሄን ነው፣ ከትከሻ እስከ ክርን ያለው ክንዳችሁ ወደ ታች ቀጥ ያለ ወይ ትንሽ ወደፊት ያዘመመ ይሁን፣ ክንዱ ክርን ላይ የሚታጠፈው ከ90 እስከ 110 ዲግሪ አካባቢ ይሁን፣ ፔዳሉ ላይኛው ጫፍ ሲደርስ ደሞ ጉልበታችሁ ሆዳችሁን አይምታ። ክርኑ በጣም ወደፊት ከሄደ ትከሻ ይዘረጋና ክብደቱን አጥንት ሳይሆን ጡንቻ ይሸከመዋል፣ 10 ደቂቃ ሳይሞላ ይንቀጠቀጣል። በጣም ወደኋላ ከመጣ ደሞ ወገብ ይታጠፍና ትንፋሽ ያጥራል።

ዝቅ ባልኩ ቁጥር ፈጠንኩ የሚለውን ተዉት በናታችሁ። ዝቅ ስትሉ ዳሌ ይዘጋል (ጭንና ሆድ ይጠጋጋሉ)፣ ዳሌ ሲዘጋ ዋት ይቀንሳል፣ በአየር ያተረፋችሁትን በእግር ትከፍላላችሁ። ያገኛችሁትን አቀማመጥ ይዛችሁ ትሬነር ላይ 15 ደቂቃ ጠንከር አድርጋችሁ ንዱ፣ ሳትነሱ ከጨረሳችሁ ትክክል ነው፣ ካልሆነ 1 ሴንቲ ከፍ አድርጉ።

አሁን መለካት። ክር ላይ ፍሬ ቡሎን እሰሩ፣ በቃ ቱንቢ ሆነ። ክርናችሁ ካረፈበት ቦታ የኋላ ጠርዝ ቱንቢውን ጣሉና ወለሉ ላይ በፕላስተር ምልክት አድርጉ፣ ከፔዳሉ ማዞሪያ መሀል ማለትም ቦተም ብራኬት ከሚባለው ሌላ ቱንቢ ጥላችሁ ምልክት አድርጉ፣ በሁለቱ ምልክት መሀል ያለው ርቀት የፓድ ሪች ነው። ከፍታውን ደሞ ከወለል እስከ ፓድ ለክታችሁ ከወለል እስከ ቦተም ብራኬት ያለውን ቀንሱበት፣ ይሄ የፓድ ስታክ ነው። ለምሳሌ ከወለል እስከ ፓድ 92 ሴንቲ፣ ከወለል እስከ ቦተም ብራኬት 27 ሴንቲ ከሆነ ስታካችሁ 65 ነው። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ስልካችሁ ላይ ጻፉ፣ ከአሁን በኋላ ፎቶ ሳይሆን እነሱን ነው ሱቅ ይዛችሁ የምትሄዱት።

3. ቁጥሩን ከመሪው ጋር አስተያዩ

የደህና መሪ አምራች ሁሉ ፓዱ ከመሪው መሀል ምን ያህል ከፍ እንደሚል፣ ምን ያህል ወደፊትና ወደኋላ እንደሚሄድ፣ በስፔሰር (ከስር በሚገባ ማስነሻ) እስከ ስንት እንደሚነሳ የሚያሳይ ስዕል አለው። የፍሬማችሁን ስታክ (ከቦተም ብራኬት እስከ ፍሬሙ የመሪ ቱቦ አናት ያለውን ከፍታ) ከፓድ ስታካችሁ ላይ ቀንሱ፣ ፍሬሙ 52 ከሆነና እናንተ 65 ከፈለጋችሁ 13 ሴንቲ በመሪ አንገቱ (ስቴም)፣ በስፔሰሩና በፓዱ ከፍታ መሞላት አለበት ማለት ነው። መሪው ይሄን ካልደረሰ ምንም ያህል ቢያምር ተዉት። ቁጥራችሁ የማስተካከያው ክልል መሀል ላይ ቢወድቅ ይመረጣል፣ ምክንያቱም ከሶስት ወር በኋላ ሰውነታችሁ ሲለምድ መለወጥ ትፈልጋላችሁ፣ ሁሉም ሰው ይለውጣል።

በኮርስ ሳይክል ላይ ክሊፕ ኦን ለምትገጥሙ ሰዎች ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ ርቀት ነው። የኮርስ ፍሬም የኮርቻ ቱቦው 73 ዲግሪ አካባቢ ወደኋላ ያዘነበለ ነው፣ የክሮኖ ፍሬም ከ76 በላይ ቆም ያለ ነው፣ ስለዚህ ፓዱ ሲታሰር እጃችሁ ይዘረጋል። መፍትሄው ኮርቻውን ወደፊት መግፋት፣ ስቴሙን ማሳጠር፣ ወይ ደሞ ፓዱ ከመሪው ወደኋላ የሚገባ ክሊፕ ኦን መግዛት ነው። ሶስተኛው ነው ቀላሉ።

የፓዱ ስፋትም አለ። ጠባብ ይፈጥናል ይባላል፣ ብዙ ጊዜም እውነት ነው፣ ግን በጣም ሲጠብ ትከሻው ይነሳና ጭንቅላት ብቅ የሚልበት ሰው አለ፣ ከትከሻ ልክ ጀምራችሁ አንድ አንድ ሴንቲ እያጠበባችሁ ሞክሩ እንጂ ስፋቱ የማይቀየር መሪ አትግዙ።

4. የኤክስቴንሽን ቅርጽ

ቀጥ ያለ አለ፣ ጫፉ ትንሽ ቀና የሚል ስኪ ቤንድ አለ፣ ኤስ ቤንድ አለ፣ በጣም ወደላይ የሚታጠፍ ጄ ቤንድ አለ። ቀጥ ያለውን የእጅ አንጓ ይጠላዋል። ለጀማሪ ስኪ ቤንድ ወይ ኤስ ቤንድ እላለሁ፣ እጅ ከክርን ትንሽ ከፍ ሲል አብዛኛው ሰው ትከሻው ይረጋል፣ ጭንቅላቱንም ከእጁ ኋላ መደበቅ ይቀለዋል። የማርሽ መቀየሪያችሁ በገመድ ከሆነ በጣም የታጠፈ ቅርጽ ገመዱን ያከብደዋል፣ ኤሌክትሪክ ከሆነ ግን አታስቡ።

ፈቃድ ያለው ውድድር ላይ የምትገቡ ከሆነ ዩሲአይ (የአለም የብስክሌት ማህበር) የቁመት ክፍል አለው። ከ180 ሴንቲ በታች የሆነ ሰው ከቦተም ብራኬት እስከ ኤክስቴንሽኑ ጫፍ በአግድም ሲለካ፣ ማርሽ መቀየሪያውን ጨምሮ፣ ከ80 ሴንቲ ማለፍ የለበትም፣ ከ180 እስከ 190 ያለ 83፣ 190 እና በላይ 85። በክርን ማረፊያውና በኤክስቴንሽኑ ጫፍ መሀል ያለው የከፍታ ልዩነት ደሞ በቅደም ተከተል ቢበዛ 10፣ 12 እና 14 ሴንቲ ነው። ከመነሻው በፊት ዳኛው ሳይክሉን መለኪያው ላይ ያቆመዋል፣ እዛ ጋ መፍታት ከጀመራችሁ ማሟሟቅ ቀረ። ደንቡ ቶሎ ቶሎ ስለሚቀየር የዘንድሮውን እዩ።

5. ቤዝ ባሩን አትናቁት

ሰው ሁሉ ኤክስቴንሽኑን ነው የሚያየው፣ ፍሬኑ ግን ያለው ቤዝ ባሩ ላይ ነው። ስትነሱ፣ ዳገት ስትወጡ፣ ስትታጠፉ እጃችሁ እዛ ነው። በ2025 ኪጋሊ ላይ የነበረውን የአለም ሻምፒዮና ክሮኖ ያየ ሰው ይገባዋል፣ የወንዶቹ 40.6 ኪሎ ሜትር ዳገት የበዛበት ነበር፣ ሬምኮ ኤቨነፑል ሁለት ደቂቃ ተኩል ቀድሞት የተነሳውን ፖጋቻርን መጨረሻው ዳገት ላይ ደረሰበት። የኛም አገር መንገድ ሜዳው ስንት ነው ብላችሁ ጠይቁ። ዳገት ከበዛ መያዣው ከፓዱ ብዙ ዝቅ ያላለና እጅ ሞልቶ የሚያዝ ቤዝ ባር ምረጡ፣ በጣም የወረደው ሜዳ ላይ ያምራል ዳገት ላይ ግን ጀርባ ይገድላል።

6. ይገጥማል ወይ?

ሜትር ሳይሆን ካሊፐር (ውፍረት በሚሊ ሜትር የሚለካ መሳሪያ) ያዙ። የዛሬ መሪ የሚታሰርበት ቦታ አብዛኛውን ጊዜ 31.8 ሚ.ሜ ነው፣ አሮጌው 26 ወይ 25.4 ይሆናል። ኤክስቴንሽን 22.2 ሚ.ሜ ነው። ክሊፕ ኦን ክብ መሪ ላይ ነው የሚታሰረው፣ ላዩ ጠፍጣፋ የሆነ ኤሮ ኮርስ መሪ ላይ ብዙ ጊዜ አይገጥምም፣ ካርቦን መሪ ከሆነ ደሞ አምራቹ ክሊፕ ኦን ይቻላል ካላለ አትሰሩበት፣ ተጨፍልቆ ይሰነጠቃል። ስቴሙና መሪው አንድ ላይ የተሰራ ከሆነ ብዙ ጊዜ ለተሰራለት ፍሬም ብቻ ነው የሚሆነው።

ያገለገለ ስትገዙ ሶስት ነገር እዩ። አንደኛ ኤክስቴንሽኑ ተቆርጧል ወይ፣ የአጭር ሰው ከነበረ ለረጅም ሰው አይሆንም፣ የተቆረጠ አይቀጠልም። ሁለተኛ የሚታሰርበት ቦታ ላይ ጥፍራችሁን አስሂዱ፣ ስንጥቅ ወይ የተጨፈለቀ ካርቦን ካለ በነጻም አትውሰዱ። ሶስተኛ ስፔሰሮቹና ቡሎኖቹ ሙሉ ናቸው ወይ፣ ተራ ቡሎን የትም ይገኛል፣ የአንዳንዱ መሪ ቡሎን ግን ርዝመቱ ልዩ ስለሆነ አንዱ ጠፋ ማለት መሪው ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ጌጥ ሆነ ማለት ነው።

7. መግጠምና መሞከር

ብሩግላ ብቻ ይዛችሁ በስሜት አታጥብቁ፣ ቶርክ ቁልፍ (የምታጠብቁበትን ኃይል የሚለካ ቁልፍ) ተዋሱ፣ ክፍሉ ላይ የተጻፈውን ተከተሉ፣ ብዙ ጊዜ 5 ኒውተን ሜትር አካባቢ ነው። ካርቦን ላይ ግራሶ ሳይሆን አሸዋ አሸዋ የሚለውን የካርቦን ፔስት ቀቡ። እኔ አንዴ ፔስት ሳልቀባ ወጥቼ ጉድጓድ ስመታ ቀኝ ኤክስቴንሽኔ ተሽከርክሮ ወደ መሬት ዞረ፣ እጄ አብሮት ሄደ፣ እግዜር ነው ያወጣኝ። ከዛ ወዲህ ካጠበቅኩ በኋላ ዘንጉና ማሰሪያው የሚገናኙበት ላይ በነጭ ቀለም ቀጭን መስመር አሰምርበታለሁ፣ መስመሩ ከተዛነፈ ተንሸራቷል ማለት ነው። ኤክስቴንሽኑን ደሞ ሁለት ሳምንት ሳትነዱ እንዳትቆርጡ።

መጀመሪያ ባዶ መንገድ ላይ ልመዱት። እጃችሁ ኤክስቴንሽን ላይ ሲሆን ፍሬን የለም፣ ከተማ ውስጥ፣ ባጃጅ ያለበት፣ ከሰው ኋላ ስትነዱ፣ የጎን ንፋስ ሲኖር እጅ ወደ ቤዝ ባር።

ሲለመድ ለማነጻጸር ዊንድ ተነል (በሰው ሰራሽ ንፋስ የሚሞከርበት ክፍል) አያስፈልግም። ንፋስ ሳይነሳ ጠዋት 12 ሰዓት መኪና የሌለበት ለስላሳ ቁልቁለት ሂዱ፣ ፔዳል ሳትመቱ ከአንድ ምልክት ተለቃችሁ ታች የደረሳችሁበትን ፍጥነት ጻፉ፣ ልብስ ያው፣ የጎማ ነፋስ ያው። የድሮውንና የአዲሱን አቀማመጥ እያፈራረቃችሁ አምስት አምስት ጊዜ። አንዴ ብቻ ተሞክሮ ፈጠንኩ የሚባል ነገር የለም፣ መኪና ካለፈ ያቺን ቁጥር ሰርዙ።

ጥሩውን ስታገኙ የፓድ ስታኩን፣ ሪቹን፣ ስፋቱንና የኤክስቴንሽኑን ርዝመት ፕላስተር ላይ ጽፋችሁ ኮርቻ ስር ለጥፉት፣ ሳይክሉ ለጉዞ ተፈቶ ካርቶን ሲገባ መጀመሪያ የሚረሳው እሱ ነው።