ተከራይቼ ተከራከርኩ፦ ባላደረሳችሁት የመኪና ጉዳት ክፈሉ ስትባሉ ምን ታደርጋላችሁ?

መኪናውን መልሼ፣ ቁልፉን አስረክቤ፣ "እናመሰግናለን" ተብዬ ከወጣሁ 16 ቀን ሆኖኛል። ጭራሽ ረስቼዋለሁ። ከዚያ አንድ ኢሜይል መጣ። የኋላው ፓራውልት በቀኝ በኩል ተጭሯል፣ የጥገናው፣ መኪናው ጋራዥ የቆመበት ቀንና "የአስተዳደር ክፍያ" የሚሉት ነገር ተደምሮ ከካርድዎ ተቆርጧል ይላል። ተቆርጧል! "ይቆረጣል" እንኳን አይልም። ደም ስሬ ተገታተረ። ስልክ አንስቼ ልጮህባቸው ነበር፣ ደግነቱ እጄን ያዝኩ።

በኋላ ያወጣኝ አንድ ቁጥር ነው፣ እሱ ጋ እንደርሳለን። መጀመሪያ ግን ይህን ያዙልኝ። መኪናው ተጭሮ ሊሆን ይችላል፣ በዚያ ላይ አትድከሙ። የናንተ ጥያቄ "መቼ?" የሚል ነው። ሳትረከቡት በፊት? በእጃችሁ እያለ? ወይስ ከመለሳችሁት በኋላ? ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ይህችኑ ጥያቄ መላልሶ መጠየቅ ነው።

1. ስልኩን አስቀምጡና ጻፉ

በስልክ የተባለ ነገር አልተባለም እንደማለት ነው፣ ነገ ማን ምን እንዳለ የሚያሳይ የለም። ደግሞ ሰው ሲናደድ አፉ ያመልጠዋል። "ምናልባት ሳላየው ነክቼ ይሆናል፣ ግን..." ብላችሁ ከጀመራችሁ ከ"ግን" በኋላ ያለውን ማንም አይሰማችሁም። "ግማሹን ልክፈልና እንገላገል" ማለትም ያው ነው፣ ጥፋቱን እንዳመናችሁ ይቆጠርባችኋል። እነሱ ከደወሉ "እባካችሁ በኢሜይል ላኩልኝ" በሉና ዝጉ።

በነገራችን ላይ፣ እውነት ነክታችሁት ከሆነ አትዋሹ። ያኔ ክርክሩ የሚሆነው መጠኑ ላይ ነው፣ ወደ ቁጥር 4 ዝለሉ።

2. ያላችሁን ሁሉ አንድ ቦታ ሰብስቡ

የኪራይ ውሉን፣ ስትረከቡ የፈረማችሁበትን የርክክብ ቅጽ (ያ የመኪና ስዕል ያለበትና ጭረቱ ጋ ኤክስ የሚደረግበት ወረቀት)፣ ስትመልሱ የተሰጣችሁን ደረሰኝ፣ የነዳጅ ደረሰኝ፣ ፎቶና ቪዲዮ። የርክክብ ቅጹን ረጋ ብላችሁ እዩት። ያስረከባችሁ ሰራተኛ በችኮላ ጥግ ላይ "የኋላ ቀኝ" ብሎ ሞነጫጭሮበት ሊሆን ይችላል። ከተገኘ የቅጹን ፎቶ ልካችሁ ተኙ።

ፎቶ አላነሳንም ካላችሁም ስልካችሁን ፈትሹ። መንገድ ላይ ቆማችሁ የተነሳችሁት ፎቶ ላይ ከጀርባችሁ ያው ፓራውልት ይታይ ይሆናል። አብረዋችሁ የሄዱትንም ጠይቁ። ስልክ ያነሳው ኦሪጅናል ፎቶ የተነሳበትን ቀንና ሰዓት በውስጡ ይይዛል። በቴሌግራም ወይም በዋትሳፕ እንደ ተራ ፎቶ ከተላከ ግን ይህ መረጃ ይራገፋል፣ ስለዚህ ስትቀበሉም ስትልኩም እንደ ፋይል ይሁን።

ለሚቀጥለው ጊዜ ደግሞ፣ ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፣ ስትረከቡም ስትመልሱም መኪናውን ዞራችሁ ሳታቋርጡ ቪዲዮ ቅረጹ። ከሰሌዳው ጀምሩ። አራቱንም ቸርኬ፣ ስፖኪዮውን፣ የፊት መስታወቱን፣ ጣሪያውን፣ ጎንበስ ብላችሁ የፓራውልቱን የታችኛውን ጠርዝ። መጨረሻ ላይ ሞተሩን አስነሱና ዳሽቦርዱን ያዙት፣ ኪሎሜትሩና ነዳጁ እንዲታይ። ሦስት ደቂቃ አይፈጅም። ሰራተኛው "አያስፈልግም፣ ችግር የለውም" ካላችሁ እሺ በሉና ቅረጹ።

3. "መቼ?" ብላችሁ ጠይቁ

ዋናው ስራ ይሄ ነው። ኢሜይሉ ይጠር፣ ብሶት አይብዛበት። የኔ ይህን ይመስል ነበር፦

"በዚህ የውል ቁጥር የተጠየቅኩትን የጉዳት ክፍያ አልቀበልም። መኪናውን በዚህ ቀን፣ በዚህ ሰዓት አስረክቤያለሁ፣ በርክክቡ ጊዜ የተነሳ ቅሬታ አልነበረም። ጉዳቱ መኪናው በእጄ እያለ ለመድረሱ ያላችሁን ማስረጃ በ14 ቀን ውስጥ ላኩልኝ፦ ከኪራዬ በፊትና በኋላ የተነሱ ኦሪጅናል ፎቶዎች፣ መኪናው ሲመለስ የተሞላው የፍተሻ ቅጽ፣ ከመለስኩበት ሰዓት እስከ ፍተሻው ድረስ መኪናው የት እንደነበረና ማን እንደነዳው የሚያሳይ መዝገብ፣ የጋራዡ ፕሮፎርማና የተከፈለበት ደረሰኝ። የተቆረጠው ገንዘብ እንዲመለስልኝ፣ ጉዳዩ እስኪጣራም ሌላ ገንዘብ ከካርዴ እንዳይቆረጥ እጠይቃለሁ።"

በቃ። "እናንተ ሌቦች" የምትለዋን ለጓደኛችሁ ላኳት።

የሚልኩላችሁን ፎቶ በስሱ አትለፉት። የኔዎቹ 3 ፎቶ ላኩ። ሁለቱ ጭረቱን ብቻ አፍንጫው ድረስ ተጠግተው ያነሱት ነው፣ ሰሌዳ የለ ምን የለ፣ የማን መኪና እንደሆነ እንኳን አይታወቅም። ሦስተኛው ዳሽቦርዱ ነው። የነዳጁን ጌጅ ሊያሳዩ ያነሱት ይመስለኛል። ኪሎሜትሩ 41,873 ይላል። የመመለሻ ደረሰኜን አወጣሁ፦ 41,652። ደግሜ አየሁት። በመሃል 221 ኪሎሜትር አለ! መኪናው ከኔ በኋላ ወጥቶ፣ ተነድቶ፣ ተመልሶ ነው የተፈተሸው። ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን አድርጌ መለስኩላቸው፣ ሌላ አንድም ቃል አልጨመርኩም።

ሁልጊዜ እንዲህ የተመቸ ነገር አይገኝም። ግን ሌላም ይታያል። እናንተ ማታ መልሳችሁት ፎቶው ቀትር ላይ የተነሳ ከሆነ በመሃል ያለው ሰዓት የማን ነው? ወለሉ የመለሳችሁበት ግቢ ነው ወይስ ሌላ ቦታ? ቀኑን ፋይሉ ውስጥ እንድታዩት ስክሪንሾት ሳይሆን ኦሪጅናሉን ጠይቁ።

አንድ የሚያሰጋ ነገር አለ። ቢሮው ተዘግቶ ቁልፉን ሳጥን ውስጥ ጥላችሁ የሄዳችሁ ከሆነ፣ ብዙ ውሎች ቢሮው ተከፍቶ መኪናው እስኪፈተሽ ድረስ ኃላፊነቱን በናንተ ላይ ያደርጉታል። እንዲህ ስትመልሱ ያቺን ቪዲዮ መኪናውን ያቆማችሁበት ቦታ ድረስ ሳትቀርጹ አትሂዱ።

4. ሂሳቡን በትኑት

ጉዳቱ የናንተ ቢሆን እንኳን የተጠየቃችሁት ሁሉ ልክ ነው ማለት አይደለም። ድምሩን ትታችሁ እያንዳንዱን ለየብቻ ጠይቁ። ጥገናው ተሰርቷል ወይስ ግምት ነው? መኪናው ቆመበት ለተባለው ቀን፣ ጋራዥ የገባበትና የወጣበት ቀን ይምጣ። የ3 ሰዓት ስራ ለሆነ ቅብ የ6 ቀን ኪራይ መጠየቅ ውሃ የማያነሳ ነገር ነው። ያን ሳምንት ግቢያቸው በቆሙ መኪኖች ተሞልቶ ከነበረስ የቱ ኪራይ አመለጣቸው? የአስተዳደር የሚሉት ደግሞ ውሉ ላይ ከሌለ ከየት አመጡት? ጎማ ከሆነም ያለቀ ጎማ በአዲስ ዋጋ ሲያስከፍሏችሁ ዝም አትበሉ።

ለትንንሽ ጭረት ብዙ አከራዮች የራሳቸው መለኪያ አላቸው፣ ከተወሰነ መጠን በታች ያለውን በአገልግሎት የመጣ ነው ብለው ያልፉታል። መለኪያቸውን በጽሑፍ ጠይቁ። መኪናው አጠገባችሁ እያለ ከተነገራችሁ ደግሞ ጥፍራችሁን ጭረቱ ላይ አሳልፉት። ጥፍር ካልያዘው አብዛኛውን ጊዜ ላይ ላዩን የቀረ ነው፣ በፖሊሽ ይለቃል።

"ሙሉ የኢንሹራንስ ሽፋን ገዝቻለሁ" ብላችሁም አትዘናጉ፣ ጎማ፣ መስታወት፣ ጣሪያና የመኪናው ሆድ ብዙ ጊዜ ከሽፋኑ ውጭ ናቸው። ሽፋኑን ከሌላ ኢንሹራንስ ወይም ከካርዳችሁ ያገኛችሁት ከሆነ ዛሬውኑ አሳውቋቸው፣ የቀን ገደብ አለው።

5. ባንካችሁን አስገቡ

አከራዩ ጆሮ ዳባ ልበስ ካለ ወደ ካርዱ ባንክ ሂዱ። ቻርጅባክ ይባላል፣ ባንኩ የተቆረጠውን ገንዘብ ከአከራዩ ባንክ መልሶ የሚጠይቅበት መንገድ ነው። በቪዛም በማስተርካርድም የጊዜ ገደቡ አብዛኛውን ጊዜ 120 ቀን ነው። የአሜሪካ ክሬዲት ካርድ ከሆነ ሕጉ ስህተቱ ያለበት የሂሳብ መግለጫ ከተላከላችሁ በ60 ቀን ውስጥ በጽሑፍ እንድትቃወሙ ይፈልጋል። ባንኩ መጀመሪያ ከአከራዩ ጋር ለመነጋገር ሞክራችሁ እንደሆነ ይጠይቃል፣ የቁጥር 3 ኢሜይል እዚህ ጋ ይጠቅማል።

ጉዱን ልንገራችሁ፣ ገንዘቡ ስለተመለሰ ብቻ አልቋል ብላችሁ አትርሱት። አከራዩ ለባንኩ መልስ ሊሰጥ ይችላል፣ በሌላ መንገድም ሊጠይቃችሁ ይችላል፣ ሁለተኛ እንዳናከራያቸው ብሎም ስማችሁን ሊይዝ ይችላል። እኔ ብሆን አይከፋኝም።

6. አሁንም እምቢ ካሉ

ወደ ሸማቾች ጥበቃ መስሪያ ቤት ወይም አነስተኛ ክርክሮችን ወደሚያይ ፍርድ ቤት መሄድ ይቻላል፣ ብዙ ጊዜ ግን "እሄዳለሁ" ብሎ በጽሑፍ ማሳወቁ ብቻ ፋይሉን ከታችኛው ሰራተኛ ወደ አለቃው ያደርሰዋል። ዕዳ ሰብሳቢ ከጻፈላችሁ ዝም አትበሉ፣ ዕዳውን እንደማታምኑና እየተከራከራችሁ እንደሆነ በጽሑፍ መልሱ። አውሮፓ ውስጥ ተከራይታችሁ ከሆነ ደግሞ ይህን ጥቀሱ፦ እ.ኤ.አ. በ2017 ኤቪስ፣ ኢንተርፕራይዝ፣ ዩሮፕካር፣ ኸርዝና ሲክስት የተባሉት የመኪና አከራዮች ለአውሮፓ ኮሚሽን በገቡት ቃል መሰረት የጉዳት ገንዘብ ከመቁረጣቸው በፊት ምክንያቱን ማሳወቅና ለደንበኛው የመቃወም ዕድል መስጠት አለባቸው።

ሲሸነፉም "ጉዳዩ ተዘግቷል፣ ምንም ዕዳ የለብዎትም" የሚል ጽሑፍ ሳትቀበሉ አትልቀቋቸው። የኔዎቹ ከ9 ቀን በኋላ ሁለት መስመር ጻፉ፦ ፋይሉን በድጋሚ አይተነዋል፣ ክፍያው ተሰርዟል። ስለ 221 ኪሎሜትሩ ምንም አላሉም። ከስር ግን የደንበኛ እርካታ መጠይቅ አያይዘው ነበር።