በአንድ እግር ቁጢጥ ሲሉ ሚዛን የሚያሳጡና ከግማሽ መንገድ የሚመልሱ ስህተቶች

ደብረ ብርሃን ውስጥ ስፖርት የሚሠሩ ብዙ ወጣቶች በሁለት እግር ስኳት (ቁጢጥ ብሎ መነሳት) ከባድ ብረት ተሸክመው ይነሳሉ። ሌላውን እግር ወደ ፊት ዘርግታችሁ በአንድ እግር ውረዱ ሲባሉ ግን ወንበር ከፍታ ላይ ሳይደርሱ ወደ ኋላ ይወድቃሉ። ወዲያው «ጭኔ ደካማ ነው» ብለው ብረት ይጨምራሉ። እኔ እንደማየው ግን ጭን ጥፋተኛ የሚሆነው አልፎ አልፎ ነው። ጥልቀት ያጣ፣ ማለትም እስከ ታች መውረድ ያቃተው ሰው ሚዛንም የሚያጣው ሁለቱም ችግሮች ብዙ ጊዜ ከአንድ ቦታ፣ ከቁርጭምጭሚት ስለሚነሱ ነው።

ቁርጭምጭሚትን ሳይፈትሹ ወደ ታች መውረድ

የሰው ሚዛን የሚጠበቀው የሰውነቱ ክብደት ከቆመበት እግር በላይ ሲውል ነው። ሲወርዱ መቀመጫዎ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ይህን የሚያካክሰው ጉልበትዎ ወደ ፊት መሄዱ ነው። ቁርጭምጭሚት በደንብ ካልታጠፈ ጉልበት ወደ ፊት አይሄድም። ያኔ ወይ ተረከዝ ይነሳል፣ ወይ ሰውየው በጀርባው ይወድቃል። «ጉልበት ከእግር ጣት ማለፍ የለበትም» የሚለው የተለመደ ምክር እዚህ ላይ ጉዳቱ ያመዝናል፤ ጉልበቱ ጣቱን ሳያልፍ በአንድ እግር እስከ ታች የሚደርስ ሰው እምብዛም የለም።

ፍተሻው ቀላል ነው። ጫማ አውልቀው ፊትዎን ወደ ግድግዳ አዙረው ይቁሙ። አውራ ጣትዎን ከግድግዳው ግማሽ ስንዝር፣ ማለትም 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ያርቁ። ተረከዝዎ መሬት ሳይለቅ ጉልበትዎ ግድግዳውን ከነካ ጥሩ ነው። ካልነካ ወይም አንዱ እግር ከሌላው በግልጽ ካነሰ ሥራዎ የሚጀምረው እዚያ ነው።

ሁለቱ እግሮች የሚለያዩት ብዙውን ጊዜ በአሮጌ ወለምታ ነው። ኳስ ሜዳ ላይ እግሩ የተጠመዘዘ ልጅ ወጌሻ ያሸዋል፤ ሕመሙ ሲለቀው ወደ ጨዋታው ይመለሳል። ሕመሙ መልቀቁ ግን መገጣጠሚያው እንደ ድሮው ይታጠፋል፣ ሚዛን የመጠበቅ ችሎታውም ተመልሷል ማለት አይደለም። ከዓመታት በኋላ እንኳ ያ እግር ግድግዳው ፊት ራሱን ያጋልጣል።

ቁርጭምጭሚትዎን ሲያጥፉት ውጥረቱ የት እንደሚሰማዎት ያስተውሉ። ከኋላ፣ ባትዎ ታችኛው ክፍል ላይ ከሆነ ጡንቻ ነው፤ ይለቃል። ጉልበትዎን አጥፈው፣ ተረከዝዎን መሬት ላይ አጽንተው፣ ጉልበቱን ወደ ግድግዳው ከ10 እስከ 15 ጊዜ በዝግታ ይግፉና ይመልሱ። እግር ዘርግቶ ባትን መሳሳብ ብቻውን አይበቃም፤ ቁጢጥ ሲሉ ጉልበት የታጠፈ ስለሆነ የሚይዝዎት ከሥር ያለው የባት ጡንቻ ነው። ቁርጭምጭሚቱ ፊት ለፊት ቆንጠጥ ካደረገዎት ግን በኃይል አይግፉት።

እስኪለቅ ድረስ ተረከዝዎ ሥር ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ጣውላ ቢያደርጉ ነውር የለውም። ሁለት እጅዎን ወደ ፊት ዘርግተው ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ ውሃ መያዝም ይረዳል፤ ከፊት ያለው 2 ኪሎ ወደ ኋላ የሚሄደውን መቀመጫ ያመዛዝናል። ጀማሪዎች በባዶ እጅ ከሚሠሩት ይልቅ ክብደት ይዘው ሲሠሩ የሚቀላቸው ለዚህ ነው። መንዝ ውስጥ ዕድሜያቸው የገፋ አባቶች ተረከዛቸው መሬት ሳይለቅ ቁጢጥ ብለው ረጅም ጨዋታ ሲያወጉ ያየ ሰው፣ ይህ አቅም ከአጠቃቀም ጋር እንደሚቆይ ይገባዋል። ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ የሚውል ተማሪ ወይም የቢሮ ሠራተኛ ግን ቀስ በቀስ ያጣዋል።

የመጨረሻውን ስንዝር መውደቅ

ብዙዎች እስከ ግማሽ በሥርዓት ይወርዱና ከዚያ በታች ራሳቸውን ይለቃሉ። ተወርውረው ታች ደርሰው ተወርውረው ይነሳሉ። እዚያ ላይ ጡንቻው አልሠራም፤ ጉልበት ግን ድንገተኛ ጫና ተቀብሏል። ጥልቀት የሚገኘው ከላይ ወደ ታች፣ በጥቂት በጥቂቱ ነው።

መደብ ወይም ወንበር ላይ ባና አጣጥፈው ይደርቡ። በአንድ እግር ከ3 እስከ 5 ሰከንድ እየቆጠሩ ይውረዱ፣ ሳይቀመጡ ነካ አድርገው ይነሱ። በዚያ ከፍታ አምስት ድግግሞሽ ሳይንገዳገዱ ከጨረሱ በሚቀጥለው ጊዜ አንድ እጥፋት ይቀንሱ። ባናው ሲያልቅ ወደ ዝቅተኛ በርጩማ ይሂዱ። ዘገምተኛ ይመስላል፤ ነገር ግን በየሳምንቱ ምን ያህል እንደወረዱ በዓይንዎ ያዩታል።

ጉልበት ወደ ውስጥ ሲገባ ዝም ማለት

ከፊት ለፊት በስልክ ቪዲዮ ያንሱ። ሲወርዱ ጉልበትዎ ወደ ሌላኛው እግር ካዘነበለ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ በዳሌ ጎን ያለው ጡንቻ መድከሙ ወይም ውስጥ እግር መደርመሱ ነው። ጉልበት ከአውራ ጣት ቀጥሎ ባለው ጣት አቅጣጫ ይሂድ። ክብደትዎን በሦስት ነጥብ ላይ ያሳርፉ፤ በተረከዝ፣ በአውራ ጣት ሥርና በትንሿ ጣት ሥር። ዳሌን ለማጠንከር ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ካለው ደረጃ ላይ በአንድ እግር ቆመው የሌላውን ተረከዝ በዝግታ መሬት አስነክተው ይመለሱ። ሲወርዱ ዳሌዎ ወደ አንድ ጎን እንዳይጋደል ይጠንቀቁ።

ወፍራም ጫማና ለስላሳ ወለል

ሶሉ እንደ ስፖንጅ የሚሰምጥ የሩጫ ጫማ፣ ፍራሽ፣ ወፍራም ካልሲ፣ ሁሉም መሬቱን ከእግርዎ ይደብቁታል። ለስላሳ ነገር ላይ መሥራት ሚዛን ያዳብራል ብለው የሚጀምሩበት ሰዎች አሉ፤ እኔ በጠንካራ ወለል እስኪቻል አልመክረውም። ባዶ እግር ወይም ስስ ሶል ያለው ጫማ ይበቃል። የሰሜን ሸዋው ጃቶ ተወላጅ አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ 42 ኪሎ ሜትር በባዶ እግሩ ሮጦ አሸንፏል፤ ባዶ እግር መሥራት ለማንም አያሳፍርም። ዓይንዎንም ከፊትዎ ባለ አንድ ነጥብ ላይ ይትከሉ፤ እግርን እያዩ መውረድ ያንገዳግዳል።

ሳይሞቁና ደክሞ መጀመር

ከጥቅምት እስከ ጥር ደብረ ብርሃን ጠዋት ውርጭ ነው። ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለ ከተማ ነውና ቆላው ሸዋ ሮቢት በሚሠሩበት ልክ ተነስተው አይጀምሩ። 10 ደቂቃ ይራመዱ ወይም ዱብ ዱብ ይበሉ፣ ከዚያ ቁርጭምጭሚቱን ግድግዳ ላይ ያሠሩት። ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና ቁልቁለቱን በእግር በወረዱ ማግስትም ይተዉት። ቁልቁለት ጭንን ክፉኛ ያደክማል፤ ሕመሙም በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ሊብስ ይችላል።

በአየር ላይ ያለውን እግር በግድ ማቅናት

ወደ ፊት የተዘረጋው እግር ጭኑ ላይ የጡንቻ መኮማተር ከያዘው አጥፈው ወደ ኋላ ይያዙት፣ ወይም ከፍ ያለ ደረጃ ጫፍ ላይ ቆመው ወደ ታች ያንጠልጥሉት። ሥራው የሚሠራው በቆመው እግር ነው።

ብርቱውን እግር ማስቀደም

ሁልጊዜ ከደካማው እግር ይጀምሩ፤ ብርቱውም ደካማው ከቻለው በላይ አይድገም። በሳምንት ከ2 እስከ 3 ቀን፣ በእያንዳንዱ እግር 3 ዙር፣ በዙር ከ3 እስከ 5 ድግግሞሽ ለጀማሪ በቂ ነው። ጭን መቃጠሉ የተለመደ ነው። የጉልበት ሎሚ ሥር ወይም ዙሪያ የሚወጋ ሕመም ከመጣ ግን ሕመም ወደማይሰማበት ከፍታ ይመለሱ። ማግስቱን ካበጠ ወይም ደረጃ ሲወርዱ ከከዳዎት ልምምዱን አቁመው ወደ ጤና ባለሙያ ይሂዱ።