ብርቱካናማው ጭረት ከየት መጣ?
የአባቴ 35 ሚሊ ሜትር ካሜራ በሚያነሳው ፎቶ ሁሉ ጠርዙ ላይ ብርቱካናማ ጭረት ይወጣ ነበር። ፊልሙ ጊዜው አልፎበት ይሆናል ብዬ አዲስ ገዛሁ፤ ያው ሆነ። ኔጋቲቩን (የታጠበውን ፊልም) ወደ መስኮት አንስቼ ሳየው ጭረቱ ከምስሉ አልፎ ዳር ያሉት ቀዳዳዎች ድረስ ዘልቋል። በሌንስ የገባ ብርሃን እዚያ አይደርስም፤ የሚገባው ከኋላ ነው ማለት ነው።

የኋላ ክዳኑን ስከፍት ብርሃን እንዳይገባ በጠርዙ ቦይ የተለጠፈው ጥቁር ስፖንጅ እንደ ሬንጅ ቀልጦ ጣቴ ላይ ተጣበቀ። በስቴኪኒና በአልኮል ቀስ ብዬ ጠራረግሁት። ፎቶ ሲነሳ ተከፍቶ ብርሃን ወደ ፊልሙ የሚያሳልፈውን የመዝጊያ መጋረጃ ላለመንካት በጣም ተጠንቅቄያለሁ፤ እሱ ከተጎዳ ጥገናው ከባድ ነው። በቦይው ጥቁር የሱፍ ክር፣ በማጠፊያው በኩል ደግሞ ቁራጭ ጥቁር ከፋይ ለጠፍኩ።

36 ፎቶ አንስቼ አሳጠብኩ። ጭረቱ የለም፤ የእናቴ ነጠላ እስከ ጥለቱ ጫፍ ድረስ ጥርት ብሎ ይታያል።